ራስን መካድ ከየት ይጀመራል? ሥራና ቤተሰብ ላለው ሰው የተጻፈ መመሪያ

ይህን የምጽፈው ገዳም ለገባ ሰው አይደለም። ገዳም የገባ ሰው አበምኔት አለው፣ ደወል አለው፣ አብረውት የሚነሱና የሚተኙ ወንድሞች አሉት። እኔ የማስበው ጠዋት ሥራ የሚገባውን፣ ማታ ልጆች የሚጠብቁትን፣ ስልኩ ፋታ የማይሰጠውን፣ ግን ደግሞ "ሆዴ ባለኝ ሰዓት እየበላሁ፣ ዐይኔ ያየውን እየገዛሁ እስከ መቼ?" ብሎ ራሱን መጠየቅ የጀመረውን ሰው ነው። ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም አካሄዱ ብዙ አይለያይም። ምሳሌዎቼ ግን በብዛት ከግብጽ በረሃ አባቶች፣ ማለትም በጥንት ዘመን በዚያ ከኖሩ መነኮሳት፣ የተወሰዱ ናቸው። እነሱ ነገሩን ሙያቸው አድርገው ይዘውት ስለነበር ምን እንደሚያዋጣና ምን እንደማያዋጣ በገዛ ሰውነታቸው ሞክረው አይተዋል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንስማማ። ከራሳችሁ ላይ የምትቀንሱት ምግብ፣ ገንዘብ፣ ወሬ፣ ጊዜ የሆነ ቦታ መድረስ አለበት፤ ወይ ወደ ጸሎት ወይ ወደ ሰው። የትም ካልደረሰ ዳይት ነው፣ ቁጠባ ነው፣ አንዳንዴም ግትርነት ነው።

1. ምክንያታችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ወረቀት አውጡና "ይህን የማደርገው..." ብላችሁ ጀምሩ፣ ጨርሱትም። "ለጸሎት የሚሆን ጊዜና ልብ እንዲኖረኝ" ጥሩ ነው። "ቁጣዬ ቤተሰቤን ስላስመረረ" እጅግ ጥሩ ነው። "ክብደት ለመቀነስ" ከሆነ ምንም ክፋት የለውም፣ ግን ሌላ መመሪያ ፈልጉ። "ራሴን ስለምጠላ፣ ቅጣት ስለሚገባኝ" የሚል ከወጣ ደግሞ እዚያው ላይ ቁሙ። ጾምም ሆነ ስግደት ከዚህ ስሜት ተነስቶ ወደ ደግ ቦታ አይሄድም። መጀመሪያ የምታምኑትን ሰው አነጋግሩ፣ ጨለማው ከከበዳችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ፤ ጾሙ ይቆያችኋል።

ወረቀቱን አትጣሉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ "ለመሆኑ ለምንድን ነው ይህን የጀመርኩት?" የምትሉበት ቀን መምጣቱ አይቀርም።

2. የሚያያችሁ ሰው ያዙ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ብቻውን ያነባል፣ ብቻውን ይወስናል፣ ብቻውን ይጀምራል፣ ከዚያ ወይ በሳምንቱ ይተወዋል ወይ ጤናው እስኪቃወስ ይገፋል።

የመነኮሳት አባት የሚባለው እንጦንስ እንኳ እንዲህ አላደረገም። እ.ኤ.አ. በ251 ገደማ ግብጽ ውስጥ ነው የተወለደው። ወላጆቹ ሞተው መሬት ወርሶ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ "ያለህን ሽጠህ ለድኾች ስጥ" የሚለው ቃል ሲነበብ ሰማና መሬቱን ሰጠ። ከዚያ ግን በማግስቱ ወደ በረሃ አልሮጠም። መጀመሪያ ከቤቱ አጠገብ ተቀመጠ። በአቅራቢያው መንደር ከወጣትነታቸው ጀምሮ በዚህ ሕይወት የኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩና ወደ እሳቸው ሄዶ አየ። ሌሎችንም እየዞረ ከአንዱ ትዕግሥትን፣ ከአንዱ ጸሎትን፣ ከሌላው የዋህነትን ተማረ። ወደ በረሃው የዘለቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ እናንተም የንስሐ አባታችሁን፣ ሼካችሁን፣ ወይም በዕድሜም በመንፈስም የበሰለ፣ ሲያስፈልግ "ይህ አይሆንም" ሊላችሁ የማይፈራ ሰው ፈልጉ፤ ከእንግዲህ መሪያችሁ የምለው እሱን ነው። የሚያደንቃችሁ ጓደኛ ለዚህ አይሆንም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጣልያን ውስጥ ለመነኮሳት ሥርዓት የጻፈው ቤኔዲክት፣ በዐቢይ ጾም ማንም መነኩሴ በገዛ ፈቃዱ የሚጨምረውን ተጋድሎ አስቀድሞ ለአበምኔቱ እንዲናገር አዟል። ሳያስፈቅድ የጨመረው ነገር ትዕቢትና ውዳሴ ከንቱ ተብሎ ይቆጠርበታል እንጂ ዋጋ የለውም። ጠንከር ያለ ይመስላል፣ ግን ሰውየው ሰውን ያውቅ ነበር።

ባለትዳር ከሆናችሁ ሁለተኛው የምታማክሩት ሰው የትዳር ጓደኛችሁ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንቂያ የሚጮኸው በእሷም ጆሮ ነው። አብራችሁ መብላት ስታቆሙ ብቻውን የሚበላው እሱ ነው። ጳውሎስም ባልና ሚስት ለጸሎት ብለው ከመኝታ ሲለያዩ በስምምነትና ለጊዜው ብቻ ይሁን ብሏል። የእናንተን ተጋድሎ ሌላ ሰው ሳይጠየቅ የሚከፍልለት ከሆነ ገና ከመነሻው ተበላሽቷል።

3. ጤናችሁን አጣሩ

እዚህ ላይ አጭር ነኝ። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የምታጠቡ እናቶች፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የጨጓራ ቁስለት ያለባችሁ፣ ከምግብ ጋር የሚዋጠው መድኃኒታችሁ ሰዓቱን የማይለውጥባችሁ፣ ራስን የማስራብ ወይም በልቶ የማስመለስ ችግር የነበረባችሁ ሁሉ ሐኪም ሳታማክሩ የምግብ ሰዓታችሁን አትንኩ። ከምግብ ውጭ ያለው መንገድ ሰፊ ነው፣ ከታች እመጣበታለሁ። በሰውነት እድገት ላይ ያሉ ልጆችንም ተዉአቸው።

4. አንድ ሳምንት ዝም ብላችሁ ራሳችሁን ታዘቡ

ምንም አትተዉ። ልክ እንደ ወትሮው ኑሩ፣ ግን ማስታወሻ ያዙ። ስትናደዱ እጃችሁ ወዴት ይሄዳል? ሲደብራችሁስ? ወደ ፍሪጅ፣ ወደ ስልክ፣ ወደ ሲጋራ፣ ወደ ገበያ፣ ወይስ ለጓደኛ ደውሎ ሰው ወደ ማማት? የሚገዛችሁ ነገር ያለው እዚያ ነው። ብዙ ሰው ሥጋና ቅቤ ለመተው ሲዘጋጅ የሚገዛው ግን ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ሥጋ በወር አንዴ የሚበላ ሰው ሥጋ ተውኩ ቢል ምን ተወ?

ሳምንቱ ሲያልቅ ከዝርዝሩ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። የእኔ ምክር ከሁሉ የበረታባችሁን ትታችሁ ሁለተኛውን እንድትይዙ ነው። ትልቁን ገና ባልጠነከረ ጉልበት ገጥማችሁ ከወደቃችሁ ሁሉንም ትተዉታላችሁ። ሱስ የሆነ ነገር፣ በተለይ መጠጥ፣ ከሆነ ግን ይህ ምክር አይሠራም። ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ሊገጥመው ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሐኪም ይሂድ።

5. ሥርዓታችሁን ጻፉ፣ እስኪያሳፍራችሁ ድረስ ትንሽ አድርጉት

"ከእንግዲህ በደንብ እጸልያለሁ" ሥርዓት አይደለም፣ ምኞት ነው። ሥርዓት ሰዓት አለው፣ መጠን አለው፣ የሚያልቅበት ቀን አለው። ለምሳሌ እንዲህ፦ "ለ40 ቀን፣ ጠዋት ስልክ ከመንካቴ በፊት ለ10 ደቂቃ እጸልያለሁ። ረቡዕና ዓርብ እስከ ቀትር አልበላም። በእነዚያ ቀናት የተረፈውን የቁርስ ወጪ ለይቼ አስቀምጣለሁ።" በቃ። ሦስት መስመር።

"ይህማ ምን ዋጋ አለው?" ካላችሁ መጠኑ ልክ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ የሚፈለገው በታመማችሁበትም፣ እንግዳ በመጣበትም፣ ሥራ በበዛበትም ቀን የማይሰበር ነገር ነው። የጸሎት መጻሕፍትን ሁሉ በአንድ ሌሊት የሚጨርስ ሰው በሦስተኛው ቀን ምንም አይጸልይም።

ልማድ በ21 ቀን ይያዛል የሚባለውን አትመኑ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመው ነበር። አዲሱ ነገር ሳይታሰብበት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ገደማ ፈጅቷል፤ በሰውና በልማዱ ዓይነት ግን ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይለያያል። ሌላም ጥሩ ነገር አይተዋል። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ያን ያህል አይጎዳውም። ለ40 ቀን ያዙትና ገና ከበዳችሁ ማለት የማትረቡ ናችሁ ማለት አይደለም።

6. ምግብ

በሦስት በኩል መቀነስ ይቻላል፤ በመጠን፣ በዓይነት፣ በሰዓት። እኔ ከመጠን ጀምሩ እላለሁ፣ ከሁሉ የተናቀው እሱ ስለሆነ። ሆዳችሁ ሳይሞላ፣ ገና ትንሽ እያማራችሁ ከማዕድ ተነሱ። ማንም አያውቅባችሁም፣ የተለየ ምግብ አያስፈልግም፣ ማንንም አታስቸግሩም። አንድ ወር ይህን ብቻ የሠራ ሰው ከሆዱ ጋር በደንብ ይተዋወቃል።

ከዚያ ዓይነቱን ጨምሩ፦ ጣፋጭ፣ ሥጋ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ወይም የሃይማኖታችሁ ሥርዓት የሚያዘውን። ቡና የምትተዉ ከሆነ ቀስ በቀስ ይሁን። ካፌይን በድንገት ሲቋረጥ ራስ ምታቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይብሳል፣ ከ2 እስከ 9 ቀን ሊቆይም ይችላል። "ጾሙ አሳመመኝ" የሚሉ ብዙዎች ያሳመማቸው ቡናው ነው። ከጾሙ በፊት ባለው ሳምንት በየሁለት ቀኑ አንድ ስኒ ቀንሱ፣ ይቀላችኋል።

ሰዓት የመጨረሻው ነው። ቁርስን በአንድ ሰዓት ማዘግየት፣ ከዚያ በሁለት፣ ከዚያ እስከ ቀትር፣ ሰውነታችሁ ከቻለና መሪያችሁ ከፈቀደ ከዚያም በላይ። ሥርዓታችሁ ውኃ የማይከለክል ከሆነ በደንብ ጠጡ። የሚያዞራችሁ፣ ልባችሁ ያለ መጠን የሚመታ፣ ሐሳባችሁ የሚምታታባችሁ ወይም ራሳችሁን የሚያስታችሁ ከሆነ እዚያው ፍቱት። ይህ መሸነፍ አይደለም። ለብዙ ቀን በተከታታይ ምንም ሳይበሉ መቆየት ደግሞ ያለ ሐኪም ክትትል ጨርሶ አይሞከር። አደጋው ረሃቡ ላይ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በድንገት በብዛት መብላት ላይም ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ፈሪ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። አባ ጴሜን የሚባል የግብጽ መነኩሴ ነበረ። እንዴት ልጹም ብለው ሲጠይቁት "በየቀኑ መብላት፣ ግን ጥቂት" አለ። ጠያቂው "አንተ ራስህ በወጣትነትህ ሁለት ሁለት ቀን ትጾም አልነበር?" አለው። እሱም አዎ፣ ሦስትም አራትም ቀን፣ ሳምንትም ጾሜአለሁ፤ አባቶች ሁሉንም ሞክረው በየቀኑ ጥቂት መብላት እንደሚሻል ደረሱበት ብሎ መለሰ። አስቄጥስ በሚባለው የግብጽ በረሃ የኖረው ሌላው መነኩሴ አባ ሙሴ ደግሞ ከልክ ያለፈ ጾምና ሆዳምነት መጨረሻቸው አንድ ነው ይል ነበር። በጣም የተራበ ሰው ወይ ይሰበራል ወይ ይነጫነጫል። በሁለቱም መንገድ ጸሎቱ ይቀራል።

እንግዳ ሲመጣስ? ዮሐንስ ካሲያን የሚባል መነኩሴ ከጓደኛው ጋር ግብጽ ሲሄድ አንድ አባት ጾማቸውን ትተው አብረዋቸው በሉ። ለምን ብሎ ሲጠይቃቸው ጾም ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነው፣ እናንተን ግን ሁልጊዜ አላገኛችሁም አሉት። ሃይማኖታችሁ ግዴታ ያደረገውን ጾም በተመለከተ የሃይማኖቱን ሥርዓት ጠብቁ። በገዛ ፈቃዳችሁ የጨመራችሁትን ግን ለእንግዳ ስትሉ ማቆየት ትችላላችሁ፤ ማግስቱን ትቀጥላላችሁ።

7. ምላስና ስልክ

ሁለቱን አንድ ላይ ያደረግኩት በዚህ ዘመን የምናማው በጣታችን ስለሆነ ነው።

አንድ የበረሃ አባት ሥጋ በልቶ ወይን መጠጣት የወንድምን ሥጋ በሐሜት ከመብላት ይሻላል ብሏል። አባ አጋቶን ደግሞ ዝምታን እስኪለምድ ሦስት ዓመት ድንጋይ በአፉ ይዞ ኖረ ይባላል። እናንተ ድንጋይ አያስፈልጋችሁም። እንዲህ ጀምሩ፦

እዚህ የሌለ ሰው ስም ሲነሳ፣ ስለ እሱ መልካም ወይም የግድ አስፈላጊ ነገር ከሌላችሁ ዝም በሉ። ሰበካ አያስፈልግም፣ "ሐሜት ኃጢአት ነው" ብላችሁ ጨዋታ አታበላሹ። ዝም ብቻ። ወሬው እናንተ ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፣ በጊዜ ብዛት ሰውም ይዞላችሁ መምጣት ያቆማል።

ራሳችሁን ለመከላከል የሚመጣላችሁን የመጀመሪያውን መልስ ዋጡት። ባለቤታችሁ "ረሳህ እኮ" ስትል "አዎ፣ ይቅርታ" ብቻ። "አንቺም ባለፈው..." የሚለው ይቅር። ይህ ከሁለት ቀን ጾም ይከብዳል፤ ሞክራችሁ ፍረዱ። በእርግጥ በደል እየተፈጸመባችሁ ከሆነ፣ እየተመታችሁ ወይም እየተዋረዳችሁ ከሆነ ዝምታ ተጋድሎ አይሆንም፤ ተናገሩ፣ ራሳችሁንም አውጡ።

ስልኩን በተመለከተ ጀግንነት ላይ አትመኑ፣ ርቀት ላይ ታመኑ። ስትተኙ ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። ማንቂያ ከፈለጋችሁ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ። የሚያናድዳችሁንና የሚያስቀናችሁን አፕ ከስልኩ አጥፉት፣ በኮምፒውተር ብቻ ክፈቱት። ከሰው የሚመጣ መልእክትና ጥሪ ካልሆነ በቀር ማሳወቂያውን ሁሉ ዝጉ። በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ጨርሶ ይጥፋ፤ የሚፈልጓችሁ ሰዎች አስቀድመው ይወቁት፣ ታማሚ ወላጅ ወይም ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ደግሞ የጥሪ ድምፁን ለእነሱ ብቻ ክፍት ይተው።

ስልኩ ሲጠፋ በተረፈው ጊዜ ምን እንደምታደርጉ ቀድማችሁ ወስኑ። ይህን ያላሰበ ሰው በ20 ደቂቃ ውስጥ መልሶ ይከፍተዋል። የታመመ መጠየቅ፣ ከልጅ ጋር መሬት ላይ መቀመጥ፣ ማንበብ፣ ወይም ምንም ሳያደርጉ ዝም ብሎ መቀመጥ። የመጨረሻው በዋዛ አይገኝም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቅላታችሁ ያልከፈላችሁትን ዕዳና ያኔ ያልመለሳችሁትን ስድብ ሁሉ ያመጣላችኋል። ቁጭ በሉ፣ ያልፋል።

8. ጸሎትና እንቅልፍ

ትንሽ፣ በሰዓቱ፣ በአንድ ቦታ። ይህ ብቻ ነው። ስሜት ሲመጣ እጸልያለሁ የሚል ሰው ስሜቱን ሲጠብቅ ይኖራል። ልባችሁ ደረቅ በሆነበት ቀንም ያቺን 10 ደቂቃ ቁሙባት፣ ቃላቱን በልሳን ብቻ እንኳ ቢሆን በሉት። ስግደት የምትጨምሩ ከሆነ ጉልበትና ወገባችሁ ጤነኛ መሆኑን እዩና ከጥቂት ጀምሩ፣ በሳምንት በሳምንት ጨምሩ።

እንቅልፍን በተመለከተ የቀደሙት አባቶች የሠሩት ያስደንቃል፣ ግን መኪና አልነዱም፣ በማሽን ላይ አልሠሩም። አዋቂ ሰው ከ7 ሰዓት ያላነሰ እንቅልፍ ያስፈልገዋል። የሌሊት ጸሎት የምትፈልጉ ከሆነ ማታ በጊዜ ተኙ። በተግባር የምትክዱት ነገር የማታውን ተከታታይ ድራማ ነው፣ እሱም ይበቃል።

በእስልምና ታሪክ አንድ የምወደው ወሬ አለ። ሁለቱም የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች ነበሩ፤ ሰልማን አል-ፋሪሲ ወደ አቡ ደርዳእ ቤት ሲመጣ ሚስቱን ተጎሳቁላ አገኛት። ባሏ ቀን ይጾማል፣ ሌሊት ይሰግዳል፣ ለቤቱ ጊዜ የለውም። ሰልማን "አንተ ካልበላህ አልበላም" ብሎ አብሮት አስበላው። ሌሊት ሊነሳ ሲል "ተኛ" አለው። እንደገና ሊነሳ ሲል "ተኛ" አለው። የሌሊቱ መጨረሻ ሲደርስ "አሁን ተነስ" ብሎት አብረው ሰገዱ። ከዚያም ጌታህ በአንተ ላይ መብት አለው፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም መብት አላቸው፣ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ስጥ አለው። ነቢዩ ሙሐመድም ሲነገራቸው ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ።

9. የተረፈውን ገንዘብ አውጡት

በ2ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የክርስቲያኖች ጽሑፍ የጾመ ሰው በዚያ ቀን ይበላው የነበረውን ዋጋ አስልቶ ለመበለት ወይም ለየቲም ወይም ለተቸገረ እንዲሰጥ ያዛል። ከዚህ የቀለለና የጠራ አሠራር አላውቅም። ያልገዛችሁት ነገር ዋጋ በዚያው ቀን ከኪሳችሁ ወይም ከሂሳባችሁ ይውጣና ለብቻው ይቀመጥ። በወሩ መጨረሻ ለሰው ይድረስ። እናንተ ጋ ከቆየ "ለክፉ ቀን" የሚል ምክንያት ያገኛል።

ስትሰጡ ፎቶ አታንሱ። የተቀበላችሁ ሰው ደግሞ አመሰገነም አላመሰገነም አትቁጠሩበት። ዕዳ ያለባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ዕዳችሁን ክፈሉ፣ የሰው ገንዘብ ይዞ መመጽወት አይሆንም። የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያ ነክታችሁም አትስጡ።

10. የሚመጣባችሁን ከአሁኑ እወቁት

ኢቫግሪዮስ የሚባል እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈ የግብጽ መነኩሴ መናኝን የሚፈትኑትን ሐሳቦች ስምንት ብሎ ከፋፍሏቸዋል፦ ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ሐኬት (መሰልቸትና ስንፍና)፣ ውዳሴ ከንቱ፣ ትዕቢት። ሁሉንም እዚህ አልዘረዝርም። ለጀማሪ ሁለቱ ይበቃሉ።

አንደኛው ሐኬት ነው። ኢቫግሪዮስ ሲገልጸው ፀሐይ የቆመች ይመስላል፣ ቀኑ 50 ሰዓት ይሆናል፣ መነኩሴው በመስኮት እያየ የሚመጣ ሰው ይናፍቃል፣ ቦታውን ይጠላል፣ ሌላ ቦታ ብሆን ይሻለኝ ነበር ይላል። እናንተ ላይ ሲመጣ መልኩ ይለያል። "ሌላ የጸሎት መጽሐፍ ልግዛ"፣ "ሌላ መምህር ልፈልግ"፣ "ይህ ሥርዓት ለእኔ አይሆንም፣ ከሰኞ ጀምሬ አዲስ ልጻፍ"። የጀማሪው ሙቀት ሲያልቅ፣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይመጣል። ያን ጊዜ ምንም አትለውጡ። ሥርዓቱ ቢቀየር እንኳ ሐሳቡ ሲያልፍ ነው የሚቀየረው።

እንጦንስም ይህ መጥቶበት ምን ላድርግ ብሎ ሲጮኽ፣ እሱን የሚመስል ሰው ቁጭ ብሎ ገመድ ሲታታ፣ ከዚያ ተነስቶ ሲጸልይ፣ እንደገና ተቀምጦ ሲታታ፣ እንደገና ሲነሳ አየ ይባላል። እንዲህ አድርግ ትድናለህ የሚል ድምፅም ሰማ። መድኃኒቱ እንግዲህ ይህ ነው፦ የእጅ ሥራና ጸሎት እየተፈራረቁ። ሲያቅታችሁ ዕቃ እጠቡ፣ ልብስ እጠፉ፣ ግቢ ጥረጉ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ጸልዩ፣ ተመለሱ።

ሁለተኛው ውዳሴ ከንቱ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚመጣው ሲሳካላችሁ ነው። አንድ በዓል ላይ መነኮሳት ተሰብስበው ሲበሉ አንዱ ለአስተናጋጁ "እኔ የበሰለ አልበላም" ብሎ በሰው ፊት ተናገረ። አባ ቴዎድሮስ ይህ በወንድሞች ፊት ከሚሰማ በበዓትህ (በክፍልህ) ሆነህ ሥጋ ብትበላ ይሻልህ ነበር አለው። ይህን የዛሬ ሰው በስታተስ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ደንብ ይኑራችሁ፦ ከመሪያችሁና ከትዳር ጓደኛችሁ በቀር ለማንም አትናገሩ። የሚቀርብላችሁን ላለመብላት ምክንያት ካስፈለገ "አሁን አላሰኘኝም፣ አመሰግናለሁ" በቂ ነው። በጾም ቀን ፊታችሁን ታጠቡ፣ ልብሳችሁ ንጹሕ ይሁን፣ ቀልድ ሲወራ ሳቁ። በሰው ላይ መፍረድ ስትጀምሩ፣ "እሱ እኮ አይጾምም" ስትሉ፣ በዚያ ሳምንት ምንም አትጨምሩ። እንዲያውም ከሥርዓቱ አንድ ነገር እንዲያስቀንሳችሁ መሪያችሁን ጠይቁ፣ የሚያመው እሱ ነው።

11. ስትወድቁ

ትወድቃላችሁ። ጾም ቀን ረስታችሁ ትበላላችሁ፣ ወይም አውቃችሁ ትበላላችሁ። ያን ጊዜ "አንዴ ተበላሽቷል" ብሎ ቀኑን ሙሉ መልቀቅ ከመጀመሪያው ስህተት ይብሳል። ካስተዋላችሁበት ደቂቃ ጀምራችሁ ቀጥሉ። ለማካካስ ብላችሁ ማግስቱን እጥፍ አትጹሙ፣ ቅጣት ስትጨምሩ ነገሩ ሁሉ ቁጥር ይሆናል። ሃይማኖታችሁ ቀዳ (ያመለጠን ጾም በሌላ ቀን መክፈል) ወይም ንስሐ የሚያዝበት ከሆነ በዚያው ሥርዓት ፈጽሙት፣ ከዚያ አታሽሞንሙኑት፣ አታላዝኑበትም። ተመሳሳይ ቦታ ላይ ደጋግማችሁ ከወደቃችሁ ግን ሥርዓቱ ከአቅማችሁ በላይ ነው ወይም ሰዓቱ አይስማማም፤ መሪያችሁን ይዛችሁ አሳንሱት።

12. ማታ ማታ መርምሩ፣ በየወቅቱ አስተካክሉ

ከመተኛታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ሥርዓቴን ጠበቅኩ ወይ የሚለውን በአንድ ቃል መልሱና እለፉ። ረዘም አድርጋችሁ የምትጠይቁት ሌላውን ነው፦ ዛሬ ማን ላይ ጮኽኩ? ማንን ሳልሰማ አለፍኩ? ማን ከእኔ ጋር መሆን ቀለለው? ጾማችሁ ከበረታ፣ ነገር ግን ልጆቻችሁ የጾም ቀን ሲመጣ ከእናንተ መሸሽ ከጀመሩ፣ ምንም ያህል ቀን ብትጾሙ መንገዱ ጠሟል። በየጊዜው የቤት ሰው ጠይቁ። "በዚህ ወር እንዴት ነኝ?" በሉ፣ መልሱንም ሳትከራከሩ ስሙ።

የወሰናችሁት ጊዜ ሲያልቅ በእርግጥ ያብቃ። ጥቂት ቀናት ዕረፉ። እንጦንስ ከወንድሞች ጋር ሲጫወት ያየው አዳኝ ደንግጦ ነበር። እንጦንስም ቀስትህን ወጥር አለው፣ ወጠረ። ጨምር አለው፣ ጨመረ። አሁንም ጨምር ሲለው ከመጠን በላይ ከወጠርኩት ይሰበራል አለ። ወንድሞችም እንዲሁ ናቸው አለው።

ከዕረፍቱ በኋላ መሪያችሁ ዘንድ ሄዳችሁ ሦስት ነገር አቅርቡ፦ ልማድ የሆነውን፣ እስከ መጨረሻው የከበደውን፣ እና የቤት ሰው ያለውን። ልማድ የሆነውን ከሥርዓቱ አውጡት፣ እሱ ኑሮ ሆኗል። የከበደውን ወይ አሳንሱ ወይ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ከዚያ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ጨምሩና የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ጻፉበት።